«ቤቱ የልጄ ነው»

የበደለችኝ የክርስትና እናቴ ናት። ጊዜው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ሮብና ዓርብ በማይጾምበት ወራት ነው። ቦታው ወረታ፣ መኪና መንገዱ ዳር ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ኋላ «ማን? መቼ?» የሚል እንዳይኖር ነው። እሷ ሞታለች። ልጇ አለ፤ ካነበበ ያንብብ።

በሕይወት ሳለች «እርስዎ» ነበር የምላት። እዚህ «እሷ» እላታለሁ። አንቱታውን ፍርድ ቤት ትቼው ወጥቻለሁ፤ ተመልሼ አላነሣሁትም።

ያደግሁት ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ርብ ወንዝ እየሞላ ደጃፋችን ድረስ በሚገባበት ሰፈር ነው። አባቴ ቄስ ነበር። ክርስትና እንድታነሣኝ የይፋጓን ነጋዴ የመረጠው ሀብቷን አይቶ ነው። አልወቅሰውም፤ ድኻ ቄስ ለሴት ልጁ ከዚህ የተሻለ ምን ሊያወርሳት ይችላል? መሬቱን ወንድሞቼ ያዙት። ርስት ለሴትም ይደርሳታል ይባላል። ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሲደርሳት አላየሁም። ባል አገባሁ፣ ፈታሁ። ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም፤ ተራው አይደለም።

ከፍቺው በኋላ መሄጃ አልነበረኝምና ይፋግ ሄድሁ። የክርስትና እናቴ ከገበያው በላይ ሰፊ ግቢና ጠጅ ቤት ነበራት። «ልጄ መጣች» ብላ ተቀበለችኝ፤ እንደ ልጅም ያዘችኝ። እንደ ልጅ ማለት ያለ ደመወዝ ማለት ነው። ጠጅ ጣልሁ፣ ጋን አጠብሁ፣ የሰከረውን ደግፌ አስወጣሁ። ገበያተኛው «ይህች የማን ልጅ ናት?» ሲል እሷ ቀድማ «የኔ» ትላለች። በዚያ ዕድሜዬ ይህ ይበቃኝ ነበር።

ይፋግ የድሮ ገበያ ነው። በዚያ ዘመን ግን የጭነት መኪና በዛ፤ መኪናው ደግሞ ይፋግን እያለፈ ወረታ ላይ ይቆም ጀመር። የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገነጠለው ወረታ ላይ ነውና። ሰው መኪና ወደ ቆመበት ይሄዳል። የክርስትና እናቴ ይህን ከሁሉ ቀድማ አየችው። ብልህ ሴት ነበረች፤ የሚገባትን አልነፍጋትም። ወረታ መንገድ ዳር ከሟች ባሏ የቀረላት ቦታና አንዲት የሣር ጎጆ ነበራት። «ሂጂ፣ እዚያ ጠጅ ቤት ክፈቺ። ጠጁን እኔ እልካለሁ» አለችኝ። ሄድሁ።

የተከፈተ ዕለት ራሷ በበቅሎ መጣች፤ የንስሐ አባቷም አብረዋት መጡ። እኒህ አባ እሷ ከሄደችበት የማይቀሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ጠበል ረጩ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ከዚያ እሷ ብርሌዋን እንደያዘች ተነሥታ እንዲህ አለች፦

«እንግዲህ ቤቱ የልጄ ነው። የሚጠጣ ይጠጣ፤ የሚሰክር ሌላ ሠፈር ሄዶ ይስከር።»

ሰው ሣቀ። እኔ ጉልበቷን ሳምሁ። የሥጋ ልጇ በዚያ ጊዜ ጎንደር ነበር፤ ትምህርት ላይ ነው ይባል ነበር። በዚያ ዕለት ስሙን ያነሣ ሰው የለም።

ጠጁ አልሆነም። በአህያ ሲመጣ በጭቃው እየተናጠ ይመጣል፤ ሲደርስ ኮምጥጧል። ያልኮመጠጠ ዕለት ደግሞ ጠጪው ሾፌር ነው። አንዱ ሲጠጣ ውሎ ወጣና መኪናውን ከነጭነቷ ቦይ ውስጥ አስተኛት። ራሱም መሪው ላይ ተኛ። ጓደኞቹ ጎትተው ካወጡት በኋላ ወደ እኔ መጥተው፣ «እትዬ፣ የማያስተኛ ነገር የለሽም?» አሉኝ።

የማያስተኛ ነገር ሜዳው ሙሉ ነበር። ወተት ነው። እዚህ ላይ የአገሩን ልማድ ለማያውቅ መናገር አለብኝ። ፎገራ ላይ ቅቤ ይሸጣል፤ ወተት አይሸጥም። ወተት ለሕፃን፣ ለታመመ፣ ለእንግዳ ይሰጣል። ወተት የሸጠ ሰው ላሙ ትነጥፍበታለች ይባላል፤ ሴት ልጁንም የሚጠይቃት አይመጣም። ስለዚህ እኔ ወተት ገዝቼ አላውቅም። ለባለ ከብቶቹ፣ ከብቱ የሚልሰው ጨው እሰጣለሁ። እነሱ ደግሞ ወተት ይሰጡኛል። ጨው የሰጠሁት ለከብቱ ነው፤ ወተት የሰጡኝ ለእኔ ነው። ሁለቱ ነገሮች አይተዋወቁም። ወተቱን በወይራ በታጠነ ቅል አረጋዋለሁ። ለሾፌሩ የምሸጥለት ዳቦ ነው፤ እርጎው ዳቦውን ተከትሎ ይመጣል። ዳቦ የማይፈልግም ሰው የዳቦ ከፍሎ እርጎውን ጠጥቶ ይሄዳል። ጾም ሲገባ ወተቱን ንጬ ቅቤ አወጣለሁ፤ ለመንገደኛው ሱፍ በጥብጬ አቀርባለሁ። በዚህ ሁሉ መካከል ወተት የሸጠም የገዛም ሰው የለም።

ይህን አሠራር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አላሳየኝም። ከጊዜ በኋላ ከጎንደር የሚመጣው ሾፌር ገና ከሩቅ ጥሩምባውን ይነፋል፤ እኔ ቅሉን ከተሰቀለበት አወርዳለሁ። ቤቱ «እርጎ ቤት» ተባለ። ጠጅ ቤት መሆኑን ያስታውስ የነበረው ከጓሮ የተደፋው ጋን ብቻ ነበር።

ወሬው ይፋግ ደረሰ። የክርስትና እናቴ ሳታስነግር መጣች፤ አባም ከኋላዋ። ቤቱ በሾፌርና በረዳት ተሞልቶ ነበር። ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ቅሎች አየች። ጠጁ የት እንደ ደረሰ ጠየቀችኝ፤ እንደ ኮመጠጠ ነገርኋት። ይህ ምንድን ነው አለችኝ፤ ዳቦ ነው አልኋት። በዚህ ጊዜ ጢሙ እርጎ የነካው አንድ ሾፌር ሊረዳኝ ፈልጎ፣ «አዎ እማማ፣ ዳቦ ነው የምንጠጣው» አላት።

እሷ ወደ እሱ አላየችም። ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

«ወተት የሸጠች ልጄ አይደለችም» አለች። «እኔ የላክሁሽ ለጠጅ ነው። ይህ የኔ ሥራ አይደለም፤ ሥራውም የራስሽ፣ ነውሩም የራስሽ።»

በበቅሎዋ ተመልሳ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ጠጅ መላኩንም ተወች፤ በዚህ አልተጎዳሁም።

ቃሉን እንደ ቁጣ ቃል ወሰድሁት። እናት «ልጄ አይደለሽም» የምትለው ለልጇ ነው፤ የጎረቤት ልጅ እንዲህ አይባልም። ስለዚህ መሥራቴን ቀጠልሁ። የሣር ጎጆዋ ስታዘም አፍርሼ በቦታዋ ቆርቆሮ ቤት ሠራሁ። እንጨቱን ከደጋ ያስመጣሁት፣ ጭቃውን ያስረገጥሁት፣ ምስማሩን ቆሜ ያስመታሁት እኔ ነኝ። በየዓመት በዓሉ ለይፋግ ቅቤ እልካለሁ። ቅቤው አንድም ጊዜ ተመልሶ አልመጣም። ከየትኛው ወተት እንደ ወጣ የጠየቀም የለም።

በዚህ ሁኔታ ዓመታት አለፉ። ከዚያ ልጇ ከጎንደር ተመለሰ።

የመጣው መጀመሪያ ላይ እንደተናገርሁት ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ገበያዬ ከዓመት ዓመት ሞቅ የሚልበት ወራት። ኮትና ነጠላ ጫማ አድርጎ ነበር። ተቀመጠ፣ እርጎ ጠጣ፣ አንድ ደገመ። ከዚያ ቁልፉን ጠየቀኝ።

«የምን ቁልፍ?» አልሁት።

«የቤቱን። እናት ቤት ይፋግ ነው፤ ይህ ልጅ ቤት ነው። ከዛሬ ጀምሮ እኔ እይዘዋለሁ፤ እማማ ልካኝ ነው።»

«እናት ቤት» እና «ልጅ ቤት» የሚለውን ነገር ጎንደር ከነጋዴዎች ሰምቶት መሆን አለበት። ከትምህርቱ የቀረለት ያ ብቻ ነበር።

«እኔስ?» አልሁት።

«አንቺማ እንደ ድሮሽ ትሠሪያለሽ።»

«እንደ ምን ሆኜ?»

«እንደ ልጅ ነዋ» አለ፤ የሚያስቅ ነገር መናገሩም አልገባውም።

ያ ቤት ከእጄ ቢወጣ ማደሪያም መተዳደሪያም አልነበረኝም። ወንድሞቼ ዘንድ ብመለስ የማን ገረድ እንደምሆን አውቅ ነበር። ቁልፉን አልሰጠሁትም፤ በማግስቱ ጓጉንቸር ለውጦ በሩን ዘጋብኝ። ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ጉልበቷን ሳሚ አሉኝ፤ ይፋግ ሄጄ ሳምሁ። እሷም ይቅር ብዬሻለሁ አለች፤ ቤቱ ግን የልጄ ነው አለች። ያን ጊዜ ነው ቃሉ በሁለት በኩል እንደሚቆርጥ የገባኝ። ከሰስኋት።

ሰው ብዙ መከረኝ። ልጅ እናቱን አይከስም አሉኝ። እኔም ልጅ መሆኔን ለማስመስከር ነው የምከስሰው አልኋቸው።

የወረዳው ፍርድ ቤት ሦስት ዳኞች ነበሩት። እሷ ከይፋግ ነገር አዋቂ የሚባል ጠበቃ ይዛ መጣች፤ ጭራ የያዘ፣ ከመናገሩ በፊት ሁለቴ የሚያስል ሰው ነው። እኔ የቆምሁት ራሴ ነው። ምስክሬ አባ ነበሩ፤ እሳቸው ሁለቱንም ቃል፣ የመጀመሪያውንም የቁጣውንም፣ በጆሯቸው ሰምተዋል። የእሷ የንስሐ አባት ናቸውና ለእኔ ያዳላሉ የሚል የለም። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

የመሃል ዳኛው ምን ትሸጪ ነበር ብሎ ጀመረ።

«ዳቦ።»

«ዳቦ ብቻ?»

«እርጎ ይከተለዋል።»

በግራ የተቀመጠው ዳኛ አቀርቅሮ ሣቀ። እሱ እኔ ቤት ብዙ ዳቦ በልቷል።

ነገሬን ተናገርሁ። ቤቱን «የልጄ ነው» ብላ በሰው ፊት ሰጥታኛለች። ሥራውንም «የኔ አይደለም፣ የራስሽ ነው» ብላ በሰው ፊት ለቃልኛለች። ቤትም ሥራም የኔ ነው። አጭርና ግልጽ ነበር፤ ዛሬም ብናገረው ሌላ ቃል አልጨምርበትም።

እሷ ተጠየቀች። «ቤቱ የልጄ ነው ብለዋል?» ሲሏት ብያለሁ አለች። «ማንን ነው?» ሲሏት፣ «ልጄ ያልሁት ልጄን ነው» አለች።

«ልጅዎ እኮ በዚያ ዕለት አልነበረም» አልኋት።

«እናት የምታስበው የሌለውን ልጇን ነው» አለች። «ያለውንማ ታየው የለ?»

የመሃል ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። ወንድ ልጁ አስመራ በውትድርና እንደ ነበር በኋላ ሰማሁ። ቀደም ብዬ ብሰማ ኖሮ ይህን ጥያቄ አላነሣም ነበር።

አባ ተጠሩ። «ቤቱ የልጄ ነው» ስትል ሰምተዋል ተብለው ተጠየቁ፤ ሰምቻለሁ አሉ። የትኛውን ልጅ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ «አልጠየቅኋትም። ዳቦ እየቆረስሁ ነበር» አሉ።

እኔ ወደ ሁለተኛው ቃል ሄድሁ። «አባ፣ ስለ እርጎው ያለችውን ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን አለች?»

አባ ዳዊት በቃላቸው የሚደግሙ ሰው ናቸው። ከሰሙት ላይ አንድ ቃል አያጎድሉም፤ አይጨምሩምም። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ወተት የሸጠች ልጄ አይደለችም። እኔ የላክሁሽ ለጠጅ ነው። ይህ የኔ ሥራ አይደለም፤ ሥራውም የራስሽ፣ ነውሩም የራስሽ።»

እኔ የፈለግሁት ከመሃል ጀምሮ ያለውን ነበር። አባ ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ጠበቃው ተነሣ። ሁለቴ አሳለ። «ጌቶች፣ ቤቱ የልጅ ነው፤ ከሳሽም አምናለች። ይህች ልጅ አይደለችም፤ የራሷ ምስክር ተናግረዋል። እኔ የምጨምረው የለኝም» ብሎ ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ ሊናገር የተቀጠረ ሰው ነበር።

ቃሉ የቁጣ ነው አልሁ። ደግሞም ቤቱን ከሰጠችኝ በኋላ የተነገረ ነው፤ የተሰጠ በቁጣ አይመለስም አልሁ።

«የቁጣ ነው ካልሽ» አለኝ የመሃል ዳኛው፣ «ሥራው የራስሽ ነው ያለችውም ያው ቁጣ ነው። ከአንድ ቁጣ የወደድሽውን ወስደሽ የጠላሽውን ልትመልሺ አትችዪም። አንዱን ምረጪ።»

መምረጥ አልቻልሁም። የቁጣ ነው ብል ቤቱ በጥርጥር ላይ ይቀራል፣ እርጎው ይሄዳል። የቁጣ አይደለም ብል ቤቱ ይሄዳል። እነሱ መረጡልኝ። ቤቱ ከነቦታው ለልጅየው ተፈረደ። የእርጎው ሥራ ከነቅሉ ለኔ ተፈረደ።

«ቆርቆሮውስ?» አልሁ። «ቆርቆሮውን እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«በሰው ቦታ ላይ የተሠራ ቦታውን ይከተላል።»

«ዳቦውን እንደሚከተለው እርጎ?»

ዝም በዪ ተባልሁ። የግራው ዳኛ በዚህ ጊዜ አልሣቀም።

ደጅ ላይ ነገር ለመስማት የተሰበሰበው ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። አንዱ፣ «እትዬ፣ የተፈረደልሽን እርጎ በምን ልትወስጂው ነው? በነጠላሽ?» አለኝ። አብሮት የነበረው፣ «ተዋት፣ ይከተላታል» አለው። የክርስትና እናቴ በቅሎዋ እስኪጫን በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

«ነይ ልጄ፣ ሳሚኝ። ነገር አናክርር» አለች።

ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ አየሁ። ልጇ ኮቱን እያራገፈ ቆሟል።

«ልጅዎ እዚያ ነው» አልኋት። «እርስዎ» ያልኋት ያን ጊዜ ነው የመጨረሻው።

ይግባኝ በዪ ያሉኝ ነበሩ። ክረምቱ እየገባ ነበር፤ ደብረ ታቦር ወጥቶ ደጅ ለመጥናት ስንቅም ጊዜም አልነበረኝም። ቅሎቼን ተሸክሜ መንገዱን ተሻገርሁ። ከቤቱ ፊት ለፊት አንድ ኮርቻ ሠሪ ነበር፤ የግቢውን ጥግ አከራየኝ፤ ዳስ ጣልሁበት። ውሃው ሜዳውን ሳይሞላው በፊት ለባለ ከብቶቹ ሁሉ ለክረምቱ የሚሆን ጨው አደረስሁላቸው። ከብቱን ወደ ዳገቱ ሲያወጡ ጨዉን ይዘው ወጡ።

ልጅየው ቤቱን «እርጎ ቤት» እንዳለ ከፈተው። ስሙም ቤቱን ይከተላል ብሎ ይሆናል። ቅል ገዛ፣ ወይራ ገዛ፣ ዳቦ የምትጋግር ሴት ቀጠረ። ከዚያ ወተት ፍለጋ ወጣ።

ከባለ ከብቶቹ አንዱ፣ ሽማግሌ ሰው፣ በዚያው ሳምንት ዳሴ ውስጥ መጥቶ ተቀመጠ። ተቆጥቶ ነበር።

«ያ የይፋጓ ልጅ ቤቴ ድረስ መጣ» አለኝ። «ወተትህን ሽጥልኝ አለኝ። ብር አውጥቶ። ሴት ልጆቼ እየሰሙ።»

«ምን አልኸው?»

«ላሚቱ ሞታለች አልሁት።»

«አመነህ?»

«ከኋላዬ ቆማ እያመሰኳች ነበር። አየኋት አለኝ። አዎ፣ እሷ ናት አልሁት።»

ሌሎቹም እንዲሁ መለሱት። አንዳንዱ ውሻ ፈታበት። እሱ ብሩ ያነሰ መስሎት በሚቀጥለው ጊዜ ጨምሮ ሄደ፤ በጨመረ ቁጥር ነውሩ ይብስ ነበር። አንድ ዕለት ዳሴ ድረስ መጥቶ፣ እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ አታውቂም ወይ አለኝ። አላውቅም አልሁት። ዳቦ ሸጥሁለት።

ቤቱ ውስጥ እንደገና ጠጅ ተጀመረ። ከሾፌሮቹ የቀረውን ጠጅ ራሱ ይጠጣው ነበር፤ ሾፌሮቹ ደግሞ እዚህ እኔ ዘንድ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እናቱ ሞተች። ለቅሶው ላይ አልተቀመጥሁም። የክርስትና ልጅ ይቀመጣል፤ በሦስት ዳኛ ልጅ አይደለሽም የተባለች ሴት ግን ምን ሆና ትቀመጣለች? አባ ሲያገኙኝ ስለዚህ ወቀሱኝ። የሰሙትን ቃል ይድገሙልኝ አልኋቸው። አልደገሙትም።

ከሞተች በኋላ ልጅየው ቤቱን ሊሸጥ ፈለገ። ለእኔ እንደማይሸጥ ለሁሉም ተናግሮ ነበርና ኮርቻ ሠሪውን ልኬ በእሱ ስም አስገዛሁት። ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ጎንደር ሄደ። ኮርቻ ሠሪው ቁልፉን አምጥቶ ሰጠኝ፤ ቦታውንም ወደ ስሜ አዞረልኝ። ቤቱን ከፍቼ አየሁት። ቆርቆሮው ደህና ነበር።

እርጎ ቤቴን ካለበት አላነሣሁትም። በዚያኛው ቤት ኩበት አከማቸሁበት።